በጋጣ ስለሚቆም ፈረስ እግር የተደረገ ምልልስ

በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ፈረሶቹን ሸልሞ በእንጅባራ አደባባይ ሲወጣ ያየ ሰው ሁሉ የኮርቻውን ጥልፍ፣ የአንገቱን ጌጥና የጋላቢውን ቁመና ያደንቃል፤ በዓሉ ካለፈ በኋላ ግን ያ ፈረስ በምን ዓይነት መሬት ላይ እንደሚቆም፣ ሌሊቱን በምን ላይ እንደሚተኛና እግሩ ከምን ጋር እንደሚጋጭ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከዚህ በታች የሚነጋገሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ከወላጅ አባቱ የወረሰውን ዳማ ፈረስ ከገጠር አምጥቶ በከተማ ግቢው ውስጥ ጋጣ የሠራለት መምህር ነው፤ ሁለተኛው በጐልማሳነታቸው ዘመን በአዲስ አበባ በቤተ መንግሥቱ የፈረስ ጋጣ ያገለገሉና ዛሬ በሽምግልናቸው ለአገሩ ፈረሰኛ ሁሉ መካሪ የሆኑ አዛውንት ናቸው።

መምህሩ፦ እንደምን ሰነበቱ፣ አባባ? ዛሬ የመጣሁት ስለ ፈረሱ ልጠይቅዎ ነው። በአባቴ ዘመን ዓመቱን ሙሉ በሜዳ ሲውል እግሩን ታመመ ሲባል ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ጋጣ ከገባ ወዲህ ግን አንድ ቀን ቅልጥሙ ተልጦ፣ ሌላ ቀን ቋንጃው አብጦ፣ ደግሞ በሌላው ቀን ቁርጭምጭሚቱ ተፍቆ አገኘዋለሁ። ጅብ የማይደርስበት፣ ዝናብ የማይነካው እንስሳ በቤት ውስጥ ሆኖ ከሜዳው ይልቅ መቁሰሉ ምሥጢሩ ምንድን ነው?

አዛውንቱ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ፤ ግባና አረፍ በል። ፈረስ ባሕርዩ የሜዳ ነው። ዓይኑ ላየው፣ ጆሮው ለሰማው ነገር ሁሉ መልስ የሚሰጠው በእግሩ ነው፤ በሜዳ ላይ ሲደነግጥ ድንጋጤው ሩጫ ሆኖ ይወጣለታል፤ በጋጣ ውስጥ ሲደነግጥ ግን ግድግዳ ይገጥመዋል፤ ያን ጊዜ ከግድግዳው ጋር የሚገናኘው እግሩ ነው። እንግዲህ ፈረስህን የሚያቆስለው ክፋቱ አይደለም፤ ቤቱ ነው። ቤቱን ደግሞ የሠራኸው አንተ ነህና መጀመሪያ የሚመረመረው የፈረሱ ጠባይ ሳይሆን የጋጣው አሠራር ነው።

መምህሩ፦ ቁስሎቹ ግን ትንንሾች ናቸው፤ አንዳንዱም ጠጉር ከመላጨት አያልፍም። ጎረቤቶቼም «ፈረስ ነው፤ ይድናል» ይሉኛል።

አዛውንቱ፦ በሌላው የሰውነቱ ክፍል ቢሆን እኔም እንደ እነርሱ እል ነበር። ደረቱ ቢሰነጠቅ፣ ታፋው ቢቦጨቅ፣ ሥጋውና ደሙ ብዙ ስለሆነ በቶሎ ይጠግጋል። እግሩ ግን እንዲህ አይደለም። ዛሬ ማታ እጅህን ከጉልበቱ ላይ አሳርፍና ቀስ እያልህ ወደ ታች አውርደው፤ ቆዳ ታገኛለህ፣ ከቆዳው ሥር ጅማት ታገኛለህ፣ ከጅማቱ ሥር አጥንት ታገኛለህ፤ ሥጋ የሚባል ግን ከፊት እግሩ ጉልበት በታች፣ ከኋላ እግሩም ቋንጃ በታች አታገኝም። ፈጣሪ ለፍጥነት ሲሠራው ሥጋውን ሁሉ ወደ ላይ ሰብስቦ ታቹን አቅልሎታል። ስለዚህ በዚያ ስፍራ ያለ ቁስል የሚሸፍነው ሥጋ የለም፤ የሚያጥበው ደም ጥቂት ነው፤ ፈረሱ በተራመደ ቁጥርም አፉ ይከፈታል። በዚህም የተነሣ ብዙ ጊዜ ከቆዳው ወለል በላይ ቀይና ጉጥጉጥ ሥጋ ይበቅልና ቆዳው እንዳይገጥም ይከለክለዋል፤ ከዚያ በኋላ የሐኪም ምላጭ ካልቆረጠው በቀር ለወራት ይከርማል። ከሰውነቱ ክብደት ከግማሽ የሚበልጠውን፣ ከ100 እጅ 60 እጅ የሚያህለውን፣ የሚሸከሙት ደግሞ የፊት እግሮቹ መሆናቸውን አትርሳ።

መምህሩ፦ በባሕር ዳር በጋሪ ፈረሶች እግር ላይ እንደ መቁጠሪያ ተሰካክቶ የሚወጣ እባጭ አይቻለሁ። አንድ የእንስሳት ሐኪም ሲነግረኝ፣ በሽታው ከሻጋታ ወገን በሆነ ረቂቅ ተሐዋስ የሚመጣ ሲሆን የሚገባውም በትንሽ የቆዳ ጭረት በኩል ነው፤ ዝንብም ከቁስል ወደ ቁስል ያዛምተዋል፤ በሞቃትና በእርጥብ አገር ይበዛል፤ እንደዚህ እንደኛ ባለው ብርዳም ደጋ ግን ብዙ አይታይም ብሎኛል።

አዛውንቱ፦ እውነቱን ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እንዲህ ላለው ነገር ነው። አሁን ስለ ጋጣህ ንገረኝ። ግድግዳው ምንድን ነው?

መምህሩ፦ ሦስቱ ወገን በእንጨትና በጭቃ የተመረገ ነው፤ አራተኛው ወገን፣ በሩ ያለበት፣ ቆርቆሮ ነው።

አዛውንቱ፦ ቆርቆሮው እስከ መሬት ይወርዳል?

መምህሩ፦ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይላል፤ ውኃ እንዲወጣ ብዬ ነው።

አዛውንቱ፦ እንግዲያውስ የቅልጥሙን መላጥ ምክንያት አገኘነው። ፈረስ ሲተኛ እግሩን ይዘረጋል፤ ተኝቶ ሲነሣም የፊት እግሮቹን ወደፊት ወርውሮ ነው የሚነሣው፤ ያን ጊዜ ኮቴው በዚያ ክፍተት ሥር ይገባል፤ ስቦ ሲያወጣው የቆርቆሮው ስለት ከኮቴው በላይ ያለውን ቆዳ ይገፈዋል። በአገራችን ቆርቆሮ ለጣራ የመጣ በረከት ነው፤ ለፈረስ ግድግዳ ግን፣ በተለይ ጫፉ ራቁቱን ከቀረ፣ ከሳንጃ አይሻልም። ከውስጥ በኩል ከመሬት ጀምሮ እስከ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ድረስ ወፍራም ጣውላ አስመታበት፤ የምስማሩም ራስ ጣውላው ውስጥ ጠልቆ ይግባ። ከበሩ ሥር ያለው ክፍተት ኮቴ የማያስገባ ይሁን፤ ውኃው በቀጭን ቦይ ይውጣ። በሩ ራሱስ ወርዱ ስንት ነው?

መምህሩ፦ ሰው የሚያልፍበት ያህል ነው።

አዛውንቱ፦ ከ1 ሜትር ከ20 አያንስ። ጠባብ በር የዳሌ አጥንት ያስመታል፤ አንድ ጊዜ የተመታ ፈረስም በሚቀጥለው ቀን በሩን ሲያይ ስለሚፈራ ዘልሎ ይወጣል፤ ዘልሎ ሲወጣ ደግሞ በኋላ ኮቴው የፊት እግሩን ተረከዝ ይረግጣል። አንዱ ጉዳት ሌላውን እየወለደ ይሄዳል።

መምህሩ፦ የጋጣው ስፋት ይበቃ ይሆን? ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሁለት ሜትር ተኩል ነው።

አዛውንቱ፦ ለረዣዥሞቹ ለፈረንጅ ፈረሶች 3 ሜትር ከ60 በ3 ሜትር ከ60 ይሰጣቸዋል። የእኛ ፈረስ አጭር ነውና 3 ሜትር በ3 ሜትር ይበቃዋል፤ ሁለት ተኩል ግን ያንሰዋል። ጠባብ ጋጣ የሚያመጣውን አደጋ ልንገርህ፤ ይህን የማያውቅ ሰው በጋጣ ፈረስ ባያስቀምጥ እመርጣለሁ። ፈረስ ጀርባውን ለማከክ ይንከባለላል። በጠባብ ቤት ሲንከባለል ከግድግዳው ሥር ይወድቅና አራቱም እግሮቹ ከግድግዳው ጋር ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ለመነሣት እግሩን የሚያሳርፍበት ስፍራ ያጣል። ያን ጊዜ በድንጋጤ ግድግዳውን ይደበድባል፤ ቋንጃው ይላጣል፣ ጉልበቱ ይሰነጠቃል፣ አንዳንዱም ሌሊቱን ሙሉ ታግሎ ሲነጋ ሞቶ ይገኛል።

መምህሩ፦ እንዲህ ሆኖ ባገኘው ምን ላድርግ?

አዛውንቱ፦ ከሁሉ በፊት በእግሮቹ በኩል አትቅረብ፤ የወደቀ ፈረስ ሲራገጥ ጌታውን አይለይም። በጀርባው በኩል ዞረህ በለሆሳስ እያናገርኸው አንድ ሰው ራሱን ወደ መሬት ይያዝለት፤ ራሱን ካላነሣ ለመነሣት አይሞክርምና። ከዚያ ከግድግዳው በኩል ባሉት በታችኞቹ እግሮቹ ላይ መጫኛ በሩቁ ጣል አድርጋችሁ፣ ቋጠሮ ሳታስሩ፣ ወደ ራሳችሁ ገልብጡት፤ ሲገለበጥም ወዲያው ገለል በሉ። እንዳይደርስ ለማድረግ ግን መድኃኒቱ ስፋትና ጉዝጓዝ ነው። የገብስ ጭዱን በመካከል ወፍራም አድርገህ ከነጠፍህ በኋላ በግድግዳው ዙሪያ ከፍ አድርገህ ቆልለው፤ ሲንከባለል ያ ቁልል ወደ መካከል ይመልሰዋል፤ ቢጠጋም እግሩን የሚያሳርፍበት ያገኛል።

መምህሩ፦ ጉዝጓዙን እኔ ስስ ያደረግሁት ፈረስ ቆሞ ያንቀላፋል ሲባል ስለ ሰማሁ ነው።

አዛውንቱ፦ ቆሞ ያንቀላፋል፤ ጉልበቱን የሚቆልፍ ጅማት ተሰጥቶታልና። የጠለቀውን እንቅልፍ የሚያገኘው ግን ተኝቶ ብቻ ነው፤ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን በየዕለቱ መተኛት ያስፈልገዋል። ባዶ መሬት ላይ ሲተኛና ሲነሣ የቋንጃው ጫፍና የፊት እግሩ ክርን ይፈገፈጋል፤ እየዋለ እያደር እንቁላል የሚያህል እብጠት ያወጣል። ያ እብጠት አያሳምመው ይሆናል፤ ግን አንድ ጊዜ ከወጣ ሙሉ በሙሉ መጥፋቱ አጠራጣሪ ነው። በቋንጃው ላይ ያየኸው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ደግሞ ጉዝጓዝ ወፍራም ሆኖ እርጥብ ከሆነ ሌላ መከራ ነው፤ ፋንድያውና ሽንቱ በየዕለቱ ካልወጣ ከኮቴው ሥር መካከል ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን ለስላሳ ክፍል ይበሰብሳል፤ ጥቁርና የሚከረፋ ነገር ያወጣል። ጐንበስ ብለህ ዓይንህን የሚለበልብ ሽታ ካገኘህ ጭዱ የሚለወጥበት ጊዜ አልፏል ማለት ነው።

መምህሩ፦ ከ2300 ዓመት በፊት የኖረው ግሪካዊው ክሴኖፎን ስለ ፈረስ አያያዝ በጻፈው መጽሐፉ ይህንኑ ነገር አስቦበታል። የጋጣው ወለል እርጥበት እንዳይቋጥር ዘንበል ያለ እንዲሆን፣ በኮቴ መጠን ባሉ ድንጋዮችም እንዲነጠፍ መክሯል፤ ጋጣውም ጌታው ፈረሱን አዘውትሮ በሚያይበት ስፍራ እንዲሠራ ይላል። ከሁሉ የገረመኝ እግሩን በየቀኑ በውኃ ማጠብን መከልከሉ ነው፤ እኔ ንጽሕና መስሎኝ ማታ ማታ አጥበው ነበር።

አዛውንቱ፦ ያ ሰው ፈረስ ያውቅ ነበር። በተለይ በክረምት፣ እንደዚህ እንደኛ አዊ ምድር ጭቃው በማይደርቅበት አገር፣ እግሩን አጥቦ እርጥቡን ወደ ጋጣ ማስገባት ከቁርጭምጭሚቱ በታች ያለውን ቆዳ ያላላዋል፤ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ቅርፊት ያወጣል፣ በስንጥቁም ሕመም ይገባል። ጭቃው ይድረቅና በብሩሽ ይራገፍ። የግድ ከታጠበም በጨርቅ እስኪደርቅ ይጠረግ፤ ከተረከዙ በላይ ያለው እጥፋት አይረሳ።

መምህሩ፦ ሌሊት የፊት እግሩን በገመድ አስሬ አሳድረዋለሁ። ይህስ?

አዛውንቱ፦ የቁርጭምጭሚቱ መፋቅ ከዚህ ነው። አባቶቻችን በጠፍር ያስሩ ነበር፤ ጠፍሩ በቅቤ የለሰለሰና ሰፊ ነበር። የዛሬው የናይሎን ገመድ ግን ቀጭን ነው፤ ፈረሱ ሲስበው ቆዳውን እንደ መጋዝ ይበላዋል። በመንገድ ላይ የምታያቸውን የጋሪ ፈረሶችና የጭነት አህዮች ቁርጭምጭሚት ልብ ብለህ ተመልከት፤ ዙሪያውን ጠጉር የሌለው ጠባሳ የብዙዎቹ ምልክት ነው፤ ይህን ባየሁ ቁጥር ልቤ ያዝናል፤ በአንድ ክንድ ጨርቅ ሊቀር ይችል የነበረ ሥቃይ ነውና። በተዘጋ ጋጣ ውስጥማ እግር ማሰር ምን ያደርጋል? ፍታው። መታሰር ካለበት በራሱ ላይ በሚገባ ማሰሪያ ይታሰር፤ ቀለበቱ በደረቱ ቁመት ሳይሆን ከዚያ ከፍ ብሎ በዓይኑ ትክክል ይሁን፤ ገመዱም እስከ ግርግሙ እንዲያደርሰው እንጂ እግሩን እንዲያሻግርበት አይርዘም። ገመዱን በቀጥታ ከቀለበቱ ጋር አታስረው፤ በቀለበቱ ላይ ቀጭን ሲባጎ አስረህ ገመዱን በሲባጎው ላይ አንድ ጊዜ ሲስቡት በሚፈታ ቋጠሮ አስረው። ፈረስ ደንግጦ ወደ ኋላ ሲስብ የሚበጠስ ነገር መኖር አለበት፤ ሲባጎው ካልተበጠሰ የሚበጠሰው የፈረሱ አካል ነው።

መምህሩ፦ አሁን ስለ ፋሻ እንነጋገር። በውጭ አገር የእሽቅድምድም ፈረሶች በጋጣቸው ውስጥ ሳሉ አራቱም እግራቸው በፋሻ ተጠቅልሎ በፎቶግራፍ አይቻለሁ። እኔም ለእግሩ መከላከያ ይህን ገዝቼ ባስርለት ከዚህ ሁሉ ጭረት የሚድን መስሎኝ ነበር።

አዛውንቱ፦ ክንድህን ስጠኝ። እጅጌህን ሰብስብ። ይህችን የሻሽ ቁራጭ በባዶ ክንድህ ላይ እንዲህ አጥብቄ አስራታለሁ፤ ወሬያችንን እንቀጥል። በመጀመሪያ ልታውቀው የሚገባህ፣ የፈረስ ጅማት ከቆዳው በታች ወዲያው ያለ፣ ምንም ትራስ የሌለው ነገር መሆኑን ነው። ፋሻው በአንድ ስፍራ ጠብቆ በሌላው ከላላ የጠበቀው ስፍራ ጅማቱን ያንቀዋል፤ ጅማቱ ይቆጣል፣ ያብጣል፤ ፈረሱ በሩጫ ሳይሆን በፋሻ ጅማቱን ይጎዳል። እርጥብ ፋሻ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይህ ደግሞ ይብሳል። አሁን ጣትህን ተመልከት።

መምህሩ፦ ደነዘዘ፤ ቀለሙም ተለወጠ።

አዛውንቱ፦ አንተ ደነዘዘ ብለህ ነገርኸኝ፤ እርሱ እስኪነጋ ዝም ብሎ ይቆማል። ይኸው ፈታሁልህ። አሁን በትክክል አሳይሃለሁ። አስቀድሞ ጥጥ ወይም ወፍራም ለስላሳ ጨርቅ፣ ሁለት ጣት ያህል ውፍረት ያለው፣ ሽብሽብ ሳይኖረው ይጠመጠማል። በላዩ ፋሻው ከቅልጥሙ መካከል ይጀምርና ከፊት ተነሥቶ በውጭ በኩል ወደ ኋላ እየዞረ፣ እያንዳንዱ ዙር የበፊቱን ግማሽ እየሸፈነ፣ ቁርጭምጭሚቱን አቅፎ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ከጉልበቱ በታች ይቆማል። መሳቡ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ይሁን። ቋጠሮው በውጭ ጎን ይዋል እንጂ ከኋላ በጅማቱ ላይ፣ ከፊትም በአጥንቱ ላይ አይሁን። ሲያልቅ ጣትህ ከላይኛው ጫፍ ሥር ያለ ችግር መግባት አለባት። ከ12 ሰዓት በላይ ሳይፈታ አይደር፤ ተፈትቶ እግሩ በእጅ ይታሽና ይታይ፤ ከዚያ ካስፈለገ እንደገና ይታሰር። በፎቶግራፍ ያየሃቸው ፈረሶች እያንዳንዳቸው ማታና ጧት ይህን የሚያደርግ ጠባቂ አላቸው። አንተ ጧት ትምህርት ቤት ትሄዳለህ። ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፋሻ አትሰር፤ ገንዘቡን ለጣውላና ለጭድ አውለው።

መምህሩ፦ ሁለቱም የኋላ እግሮቹ ጧት ጧት አብጠው ሳገኝ ግን እንዴት ዝም እላለሁ?

አዛውንቱ፦ ይህን መለየት ከሁሉ የሚበልጥ ዕውቀት ነው። ሁለቱም እግሮች እኩል አብጠው፣ ሲነኩ ቀዝቃዛ ሆነው፣ ፈረሱም ሳያነክስ፣ ጥቂት ከተራመደ በኋላ እብጠቱ ከጎደለ፣ ከመቆም የመጣ ነው። የፈረስ ደም ከእግሩ ወደ ላይ የሚመለሰው በመራመዱ እርዳታ ነውና፤ ጥር 23 ቀን ሲጋልብ ውሎ በማግሥቱ ተዘግቶበት የቆመ ፈረስ እንዲህ ይሆናል። መድኃኒቱ መራመድ ነው፤ በማይሠራበትም ቀን ገብሱን መቀነስ ነው። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከትኩሳት ጋር ከሆነ፣ ሲጫኑትም እግሩን ከነጠቀ፣ ይህ ጉዳት ወይም መመረዝ ነው፤ አታራምደው፤ አዲስ ምት ከሆነ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውኃ አፍስስበት፤ ሐኪም ጥራ። ይህን ለመለየት ግን ጤነኛውን እግር አስቀድመህ ማወቅ አለብህ፤ ስለዚህ በነግህና በሰርክ፣ ገብሱን ከመስጠትህ በፊት፣ አራቱንም እግር በእጅህ ጀርባ ከጉልበት እስከ ኮቴ ዳስስ፤ ኮቴውንም አንሥተህ እይ። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ባልቻን አባ ነፍሶ እያለ ጌቶቹን በፈረሳቸው ስም የጠራ አገር፣ የፈረሱን እግር ለመዳሰስ ጊዜ አጣሁ ሊል አይገባውም።

መምህሩ፦ ቁስል ባገኝስ? ሰዎች የተቃጠለ ዘይትና የባትሪ ውኃ ይመክሩኛል፤ የጋለ ብረት የሚሉም አሉ።

አዛውንቱ፦ እነዚህ ሁሉ ሕያው ሥጋን ይገድላሉ። አንድ ሊትር ውኃ አፍልተህ አቀዝቅዝ፤ 9 ግራም ጨው፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ያህል፣ ጨምርበት፤ አፍስስበትና አፈሩን አስወጣ፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው። ጭረቱ ላይ ላዩን ከሆነ ይህ ይበቃል። ነገር ግን ቁስሉ ምንም ያህል ቢያንስ በመገጣጠሚያ ወይም በጅማት አጠገብ ከሆነና ቢጫ፣ ሲጎትቱት የሚሳብ ፈሳሽ ከወጣው፣ እስከ ነገ አትቆይ። በዚያ ክፍል የገባ መርዝ ፈረሱን ለዘለዓለም አንካሳ ያደርገዋል።

መምህሩ፦ መንጋጋ ቆልፍ የሚባለውስ ሕመም? በርሊን ላይ ተመራማሪዎቹ ቤሪንግና ኪታሳቶ በ1890 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር የዚህን ሕመም መርዝ ማርከሻ በደም ውስጥ አገኙ፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን ለሰው የሚሰጠው ማርከሻ የሚዘጋጀው ከፈረስ ደም ነበር። ሰውን በደሙ ያዳነ እንስሳ ራሱ በዚህ ሕመም ከሁሉ ይልቅ መጠቃቱ ያሳዝነኛል።

አዛውንቱ፦ ያሳዝናል። የሕመሙ ዘር ከአፈርና ከፋንድያ አይጠፋም፤ ጋጣ ውስጥ የረገጣት አንዲት ምስማር ትበቃለች። ክትባት አለው፤ በመጀመሪያ ሁለት ጊዜ በአንድ ወር ገደማ ልዩነት ይሰጠዋል፤ ከዚያም በየጊዜው ይታደሳል። ነገ ወደ እንስሳት ክሊኒኩ አረማምደህ ውሰደው። ሳይከተብ ምስማር ከረገጠ ግን በዚያው ቀን ማርከሻው እንዲሰጠው ለሐኪሙ ንገር። ምስማሩ በኮቴው ውስጥ ሳለ ካገኘኸውና ፈረሱ ሳይረግጠው ቆሞ መጠበቅ ከቻለ፣ ሐኪሙ ሳያይ አትንቀለው፤ መንቀል ግድ ከሆነብህ የገባበትን ቀዳዳ በቀለም ምልክት አድርግበት፣ ወደ የት እንዳዘነበለና ምን ያህል እንደ ጠለቀ ልብ በል፤ ምስማሩንም አትጣለው፣ በወረቀት ጠቅልለህ ለሐኪሙ አሳየው።